የሁለታችን ጥቅል

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚላት ሁሉ መልሷ «ጠቅላይ ነኝ» ነበር። ጠያቂው የየትኛው መሥሪያ ቤት ጠቅላይ እንደሆነች ግራ ገብቶት ቀና ብሎ ሲያያት፣ «የሽቦ!» ብላ ትስቃለች። በዚሁ የተነሳ ፋብሪካው ውስጥ የወጣላት ስም ጠቅላይ ሆነ።

ፋብሪካው ለምርምር ማእከላት ትልልቅ ማግኔቶችን ይሠራል። ሳይንቲስቶች ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን በረጅም ቧንቧ ውስጥ እያስሮጡ የሚያላትሙበት መሣሪያ አለ፤ ቅንጣቶቹን ከመንገዳቸው እንዳይወጡ የሚይዛቸው ማግኔት ነው። የማግኔቱ ሆድ ዕቃ ደግሞ ጥቅል ሽቦ ነው። ሽቦው ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሮ፣ በምድር ላይ ብርድ ከሚባለው ሁሉ ብሶ ሲቀዘቅዝ፣ ኤሌክትሪክ ቅንጣት ታህል ሳይባክን ይሄድበታል። አንዱ ዙር የፀጉር ውፍረት ያህል ከቦታው ቢንሸራተት ግን ይሞቃል፤ ያኔ ያ ሁሉ ኃይል ባንዴ ወደ ሙቀት ይለወጥና ሂሊየሙ እየጮኸ ይተናል።

ጠቅላይ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት፤ የፈረቃዋም ኃላፊ ነች። እሷና የሥራ ጓደኛዋ በረጅሙ የመጠቅለያ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ቆመው፣ አንዷ ሽቦውን ስትወጥር ሌላዋ ስታስተኛው ዓመታት አልፈዋል። ጓደኛዋ ዕድሜዋ የልጇ ነው፤ «እትዬ» እያለች ትጠራታለች፤ ጠረጴዛው ላይ ግን እኩያሞች ናቸው። የመጨረሻውን ትልቅ ማግኔት ሲሠሩ ጓደኛዋ እርጉዝ ነበረች። ሆዷ ገፍቶ ማጎንበስ ሲያቅታት፣ «ይሄ ልጅ ሳይወለድ ሥራ ጀመረ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። ጥቅሉ አለቀ፣ በብረት ታቀፈ፣ ተዘጋ። ጓደኛዋም ልትወልድ ወደ ቤቷ ሄደች።

የሙከራው ዕለት፣ ከምርምር ማእከሉ የመጡት ደንበኞች ቆመው እያዩ፣ ግቢውን የሚያናውጥ ድምፅ ተሰማ። ከአዳራሹ ጣሪያ ነጭ ጉም ተትጎለጎለ። ማግኔቱ የታዘዘው ኃይል ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ለገመ።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራት። «ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ» አላት። ከአፉ እትዬ ወጥቶ አያውቅምና ነገር እንዳለ ገባት፤ እንደቆመች ቀረች።

«ያቺ ልጅ በዚያ ሆዷ ደህና አድርጋ አልጠቀለለችም፤ አይደል? አጠገቧ የነበሩት እርስዎ ነዎት። አንድ ቃል ቢናገሩልን ነገሩ እዚሁ ያልቃል።»

«እሷስ?»

«እሷማ ቤቷ አርፋ ልጇን ታሳድግ።»

«ተባረረች ማለት ነው?»

ሊጽፍ ብዕሩን አነሳ።

«ያላየሁትን አልናገርም» አለች።

«እንግዲያው የአንቺ ጥፋት ነው ልበል?» እርስዎነቱ እዚያው ላይ ተነነ።

«ሊሆን ይችላል። እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ። እሷ የወጠረችውን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ጥፋት ካለ የሁለታችን ነው። በሌለችበት፣ አራስ ቤት ተኝታ፣ አልፈርድባትም። ካባረሩም ሁለታችንን ያባርሩ።»

አላባረራትም። ግቢው ጥግ ወዳለው የማሸጊያ መጋዘን ወረወራት። ሽቦ የለመደ እጅ መዶሻ ጨብጦ የእንጨት ሳጥን ይመታ ጀመር።

ታላቅ ወንድሟ ሲሰማ ቤቷ ድረስ መጣ። «አንቺ ሴት፣ ከአለቃ ጋር እልህ ምን ይባላል? ክፉ ቀን በጎንበስ ነው የሚያልፈው።»

«ጋሼ፣ ጎንበስ ስል ነው የኖርኩት። ወገቤን ለሽቦ ሰጥቻለሁ፤ ለሰው የሚጎነበስ አልተረፈኝም።»

አፏ ይህን ይበል እንጂ ሆዷ አላረፈም። ጣቶቿን እያየች፣ የቱ ዙር ላይ ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። አራሷን ልትጠይቅ ሄዳ ግን አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ጓደኛዋ አለቀሰች። «እትዬ፣ ባክሽ በእኔ አሳብቢና አንቺ እንኳ ትረፊ።»

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ ልጁን አቀብይኝ» አለቻት ጠቅላይ።

አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁና ዋናው መሐንዲስ ደንበኞቹን ይዘው በመጋዘኑ አለፉ። የደንበኞቹ መሪ፣ አንዲት ጠና ያሉ ሴት፣ የብልሽቱ ምክንያት ታወቀ ወይ ብለው ጠየቁ።

«የጠቀለለችው ሠራተኛ ናት» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለቃለች።»

መዶሻው ሳጥኑ ላይ ጓ አለ። «አልለቀቀችም! ወልዳ ነው!»

ሁሉም ዞሩ። ጠቅላይ የእንጨት ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ መጥታ ፊታቸው ቆመች። «እኔም ጠቅልያለሁ። ብልሽቱን ከፍቶ ያየ ሰው የለም። ከጠቀለልነው ላይ ጥፋት ከተገኘ ያኔ ሁለታችንን ጠይቁን። ሳይታይ ግን የሰው ስም አታጉድፉ!»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ደም ለበሰ። መሐንዲሱ ወደ ደንበኞቹ ዞረ። «ጥቅሉ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። አዲስ ማግኔት ሽቦው በማግኔቱ ኃይል ተገፍቶ ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ይለግማል፤ በለገመ ቁጥር ግን ይደላደላል። ሙከራው ይደገም ብዬ ነበር፤ ሂሊየም ውድ ነው ተባልኩ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ሴትዮዋ።

ተደገመ። ጮኸ፤ ግን ከፊተኛው ከፍ ያለ ኃይል ላይ ደርሶ። እንደገና ተሞከረ፤ እንደገና ጮኸ፤ አሁንም ከፍ ብሎ። በመጨረሻ የታዘዘው ኃይል ላይ ደርሶ ሳይጮህ ጸና። ጠቅላይን ወደ አዳራሹ የጠራት ባይኖርም በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ መሐንዲሱ አውራ ጣቱን ሲያነሳላት እንባዋን በጓንቷ ጠረገች።

ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ አላለም፤ «ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሺ» ብቻ አለ። «ጓደኛዬ ስትመለስ እመለሳለሁ» አለችውና ሳጥኗን መምታት ቀጠለች። ደንበኞቹ ሁለተኛ ማግኔት ሲያዝዙ ለሁለቱም ጥሪ መጣ። የጠቅላይን የፈረቃ ኃላፊነት ግን ሥራ አስኪያጁ ለሌላ ሰው ሰጥቶባት ነበር። ቆጫት፤ አልለመነችም።

ጓደኛዋ ጡቷ እየፈሰሰ፣ ልጇን አዝላ ሥራ ገባች። ማጥቢያ ክፍል ተጠየቀ፤ ቦታ የለም ተባለ። ጠቅላይ የአሮጌ ዕቃ ክፍሉን ባዶ አደረገች፤ ጠረገች፤ መጋረጃ ሰቀለች፤ ወንበር አስገባች።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ።

«ማንም» አለች፤ «ፈቃድ ስንጠብቅ ልጁ ጥርስ እንዳያወጣ ብዬ ነው። አሁን መጋረጃውን ይልቀቁ፤ እያጠባች ነው።»