ሳይነግሯት የገባው ካርድ

የጽዳት ሠራተኛዋ ኮሪደሩን እየወለወለች ነበር። ጸሐፊዋ በዘንጓ ወለሉን እየነካካች ብቅ ስትል፣ ሥራዋን አቁማ የባልዲውን እጀታ ሁለቴ ኳ ኳ አደረገች። ጸሐፊዋም ወደ ደረቁ በኩል ዞር ብላ አለፈች። ይህን የሚጽፈው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የበሩን ቁልፍ ሲፈልግ በአጋጣሚ አይቶ በልቡ ተመስገን አለ።

ጸሐፊዋ ዓይነ ስውር ናት። በዚህ ፍርድ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የምስክሮችን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማች ስትጽፍ ኖራለች። ስክሪኑ ላይ ያለውንም ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም አላት። ያን ጠዋት ግን ኮምፒውተሩን ብታበራው ጭጭ አለ።

ደሟ ፈላ። አለቃዋ ትናንት፣ "የዛሬው ምስክርነት ተጽፎ ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳኛው ጋ ካልደረሰ፣ ከዚህ ወንበር ተነስተሽ ወደ ስልክ ክፍል ተዛውረሽ ስልክ ታነሻለሽ" ብሏታል።

ጥገና ባለሙያው ተጠርቶ መጣ።

"ትናንት ከወጡ በኋላ ለሁሉም ኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ገጥመናል፣ እትዬ። ምስሉ አሁን ምን የመሰለ ጥራት አለው መሰለዎት። ቢያዩት።"

"ማየት ብችልማ መጀመሪያ የማየው ያንተን ፊት ነበር። እያሾፍክ መሆን አለመሆኑን እንዳውቅ።"

"ኧረ በፍጹም፣ እትዬ። ዝርዝሩ ላይ የእርስዎም ኮምፒውተር ቁጥር ስለነበረ ነው።"

"ቁጥሬን አይታችሁ እኔን ረሳችሁኝ።"

ማዳመጫውን ነቅሎ ሰካ፣ በሌላ ቀዳዳ ሞከረ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ። ምንም የለም። ማዳመጫው ሳይበላሽ አልቀረም ሲል እሷ ማዳመጫውን ከእጁ ነጥቃ ስልኳ ላይ ሰካችው፤ ጥርት አድርጎ ያሰማል። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሆነ። ጣቶቿ ጠረጴዛውን ይደበድባሉ።

"ቆይ" አለች በመጨረሻ። "የስክሪኑን ገመድ የት ነው የሰካኸው?"

"አዲሱ ካርድ ላይ።"

"በዚያ ገመድ ምስል ብቻ ነው የሚያልፈው?"

"ድምፅም ያልፋል።"

"ስክሪኑ ስፒከር አለው?"

ሰውየው ጎንበስ ብሎ የስክሪኑን ጀርባ ዳበሰ። "የለውም" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ ድምፄን ስፒከር ለሌለው ዕቃ እየላክህ ነው የምታደክመኝ።"

የድምፅ መውጫውን ከካርዱ ወደ ማዳመጫው ቀየረው። ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነበር። በጆሮዋ ፕሮግራሙ መናገር ጀመረ። አመሰግናለሁም አላለች፤ ፊቷን ወደ ሥራዋ መለሰች። ምሳ ሳትወጣ ጻፈች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል ወረቀቱን ለአለቃዋ ሰጠችው።

"ታዲያ ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው" አላት።

ከዚያ ወደ መዝገብ ቤት ሄደች። ይህን የሚጽፈው ሠራተኛ ወንበር ሳብ አድርጎ አስቀመጣት።

"ጋሼ፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ" አለችው። "እኔ ስልክ ለማንሳት አልተማርኩም። የእርስዎ ፊደል ትልቅ ነው ይላሉ። ወረቀት ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉልኝና ኮምፒውተሬ ላይ ይለጥፉልኝ፦ 'ይህን ከመንካትህ በፊት ባለቤቷን ጠይቅ፤ ከነካህ በኋላም ዓይንህን ጨፍነህ ሞክረው።' ጨፍነህ የሚለውን ያስምሩበት።"