ከሞት የቀደመ መርዶ

ልጄን ማንም አልጠየቃትም። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በደል ይኸው ነው።

ምጧ ያለ ጊዜው መጣ፤ የሕፃኑ ሳንባ ገና አልደረሰም። ሐኪሙ ባሏንና እኔን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ልጁ ላይተርፍ እንደሚችል በለሆሳስ ነገረን። እኛም መርዶ እንደሚሰማ ሰው አንገታችንን ደፋን። በእኛ ዘንድ መርዶ ለባለቤቱ በቀጥታ አይነገርም፤ በዘመድ በኩል ዞሮ ይደርሳል። ነገር ግን የሞተ ሰው አልነበረም። ልጁ በሆዷ ውስጥ ይራገጥ ነበር። በመተንፈሻ ማሽን ይሞከርለት ወይስ እቅፍሽ ውስጥ ይሁን ብሎ የጠየቃት የለም። ሲወለድ ወደ ማሽኑ ወሰዱት፤ ሳታቅፈው እዚያው አለፈ።

ከዚያ ወዲህ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ «እማ፣ ለምን አልጠየቁኝም?» ትለኛለች። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ጥያቄ ከያዝኩ ግን አልለቅም። የሆስፒታሉ ጥበቃዎች «እማማ ደግሞ መጡ» እስኪሉኝ ተመላለስኩ።

በመጨረሻ ሐኪሞችን የምታስተምር አንዲት ሴት አስጠራችኝ። ሐኪሞች እንዲህ ያለ ነገር ለገጠማቸው ወላጆች እንዴት እንደሚናገሩ እያጠናች ነው። አንዲት ነርስ እርጉዝ መስላ ትተኛለች፤ ሐኪሞች ተራ በተራ ገብተው ያማክራሉ፤ ካሜራ ይቀርጻል። «እርስዎ እናቷን ይሁኑልን» አለችኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ባጃጁ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ በአሞራ ገደል በኩል ሲያልፍ ሐይቁ ጉም ለብሶ ነበር፤ ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። ክፍሉም እንደዚያው ነበር፦ ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ አንሶላ፣ ከስፒከር የሚወጣ የሕፃን የልብ ምት።

«እማማ፣ ልጄ ወደ ጎን ሸሸብኝ» አለች ነርሷ፣ ሆዷ ላይ የታሰረውን ስፖንጅ እየጎተተች።

«ያዢው፤ አባቱን ፍለጋ ነው» አልኳት።

ተሳሳቅን። ከዚያ የልብ ምቱን ስሰማ ቆየሁና የነርሷ ፊት ደበዘዘብኝ፤ በቦታው የልጄ ፊት መጣ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እግሯን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

የገቡት ሐኪሞች ደጎች ናቸው። የሁሉም ዓይን ግን እኔ ላይ ያርፋል። አንዱ ወጣት ገና ከመግባቱ፣ «እማማ፣ እስቲ አንዴ ውጭ ላነጋግርዎ» አለኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ያረገዝኩ እመስላለሁ?»

«እሷ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።»

«ደንግጣለች። ወንበር ሳብና እሷን አነጋግራት።»

ወንበሩን ሳበ። ጥቂት ተናገረ፤ ከዚያ እንደገና ወደ እኔ ዞረ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ጊዜው አለቀ፤ ካሜራው ጠፋ።

ሊወጣ ሲል እጅጌውን ያዝኩ። «ይህ ጨዋታ አልቋል። ቤት ለልጄ የምወስደው መልስ ስጠኝ። እናቲቱን ለምንድነው የማትጠይቋት?»

«ባህላችን ነው እማማ። ክፉ ነገር ለታላቅ ነው የሚነገረው።»

«መርዶ የሚነገረው ስለ ሞተ ሰው ነው። ይሄ ይራገጣል። ሌላ መልስ አምጣ።»

ስፒከሩን ያጠፋው ሰው ስላልነበረ ያ ልብ አሁንም ይመታል። ነርሷም ስፖንጁን አቅፋ፣ ሳትነሳ ታየዋለች። እሱም እሷን አያት፤ ከገባ ጀምሮ ገና ያኔ።

«ብጠይቃት ትመልስልኛለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከመለሰችልኝ ደግሞ ትቻት መውጣት አልችልም።»