ከላፍቶ እስከ ጎፋ፣ ከአንድ ጠርሙስ የማንጎ ጁስ ጋር

ሩቅ አገር አልሄድኩም። ከላፍቶ መካኒሳ፣ ከመካኒሳ ጎፋ ነው የሄድኩት፤ ሰው በግማሽ ቀን ደርሶ የሚመለስበት መንገድ። ነገር ግን በልጅነቴ ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ከመጣሁበት ቀን ወዲህ እንደዚህ የረዘመብኝ መንገድ የለም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌን እለፉልኝ። የምጽፈው ስኳርና ኩላሊት አንድ ላይ የያዙት ልጅ ለምታስታምም እናት ነው።

ልጄ መሠረት ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመት፣ ኩላሊቷ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኗል። ባለፈው ወር ዶክተሯ የደም ውጤቷን አይታ የጉበቷም ቁጥር ከፍ ስላለ በአልትራሳውንድ ይታይ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም። ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው የወፍ በሽታ ነው ብላ ቅጠል የሚቀምም ሰው ልትጠቁመኝ ነበር። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ጉበት የጠጪ በሽታ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። እኛ ቤት ደግሞ መጠጥ ገብቶ አያውቅም።

ከጠዋቱ 12፡40፣ ላፍቶ

ምርመራው በባዶ ሆድ ስለሆነ መሠረት ከማታ ጀምሮ አልበላችም። የጠዋት የስኳር መርፌዋንም ከምርመራው በኋላ ከምግብ ጋር እንድትወጋ ተነግሯታል። እኔ የሐኪም ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልዬ፣ የስኳር መለኪያዋን፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ጠርሙስ የማንጎ ጁስም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ጁሱ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። ከሦስት ዓመት በፊት ስኳሯ ወርዶ ስፌት ማሽኑ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ያን ቀን ስኳር በጥብጬ አጠጥቼ አነቃኋት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ፣ ማታ ልትተኛ ስትል ደግሞ አንድ ብርጭቆ ጁስ እሰጣታለሁ፤ እንዳይወርድባት። ሳትለካ ነው የምትጠጣው። የመለኪያው ስትሪፕ ከየመድኃኒት ቤቱ ስለሚጠፋ ለክፉ ቀን ብዬ እቆጥበዋለሁ።

የታክሲው ሰልፍ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ተሳፍረን ሰው እስኪሞላ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ የዓይኗን ነጭ ማየት ጀመርኩ።

"እማ፣ ዓይኔ ቢጫ አይደለም። ቤት በር ላይም አይተሽዋል" አለችኝ።

አጠገባችን የተቀመጠችው ሴትዮ አብራ አየችላት። እሷም ነጭ ነው አለች። ትንሽ ቀለል አለኝ።

1፡30፣ መካኒሳ

የምርመራ ማዘዣውን ዶክተሯ ከምትሠራበት ክሊኒክ ለመውሰድ መካኒሳ ወረድን። የእግረኛው መንገድ ተቆፍሮ ስለነበር በጭቃው ዳር ዳር እየተያያዝን ሄድን። አንዲት ሴት ትኩስ ቦምቦሊኖ ከዘይት ታወጣለች። ሽታው እንዳያስርባት ልጄን ጎትቼ አሳለፍኳት። እኔም ከማታ ጀምሮ አልቀመስኩም። ልጄ ሳትበላ መብላት አልቻልኩም፤ ለእሷ ግን በልቻለሁ ብያታለሁ። ማዘዣውን ተቀብለን የጎፋ ታክሲ ያዝን።

2፡45፣ ጎፋ

ምርመራ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ መሠረት ቆማ አረፈች፤ እኔ ደረጃ ቆጠርኩ፣ ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ። ከፊታችን ስምንት ሰው ተቀምጧል። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቦታ ለቀቁልን።

"እዚህ የተቀመጠ ሁሉ ጾመኛ ነው" አሉ። "ቄሱ እንደዚህ ውሃ እንኳ ከልክለው ቢያስጾሙን ስንት ባማናቸው ነበር።"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የመሠረትን እጅ ይዤ ስለነበር መሳቅ አልቻልኩም። መዳፏ በላብ ረጥቧል። ማሽኑ ላይ ተደፍታ ያገኘኋት ቀንም እጇ እንዲህ በላብ ረጥቦ ነበር። ጠርሙሱን አወጣሁ።

"እማ፣ አሁን ከጠጣሁ ምርመራው ይበላሻል። ሌላ ቀን ተመለሱ ይሉናል።"

"ብትወድቂስ?"

ክዳኑን ልከፍት ስል ሽማግሌው አዩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "የኔ እመቤት፣ መለኪያ ከቦርሳሽ ወጥቶ ይታየኛል። ለምን አትለኪያትም?" አሉኝ።

ለካን። 176 አለ። ሦስት ጊዜ አየሁት። ወርዷል ያልኩት ስኳር ጭራሽ ከፍ ብሏል። ታዲያ ላቡ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቃት፣ "ፈርቼ ነዋ" አለችኝ። እሷም እንደምትፈራ ለካ አስቤው አላውቅም።

ውስጥ ስንገባ ሆዷን ቀዝቃዛ ነገር ቀብተው በመሣሪያ ፈተሹት። ባለሙያው ስክሪኑን ያያል፤ እኔ ፊቱን አያለሁ። ቀኝ ጎኗ ላይ ሲቆይብኝ መጸለይ ጀመርኩ። ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ለዶክተሯ ስጡ አለን። ደረጃው ላይ መሠረት መርፌዋን ወግታ በላች። እኔም በላሁ።

5፡20፣ እንደገና መካኒሳ

ዶክተሯ በዕድሜ ከመሠረት ብዙ አትበልጥም። ወረቀቱን አንብባ ጉበቷ ላይ ስብ አለ አለችን።

"ዶክተር፣ እኛ ቤት ሥጋ የሚበላው ለበዓል ነው። መጠጥም አናውቅም። ስቡ ከየት መጣ?" አልኩ።

ስብ ከሥጋ ብቻ እንደማይመጣ፣ ትርፍ ስኳርም ጉበት ውስጥ ስብ ሆኖ እንደሚቀመጥ፣ ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይህ ብዙ ጊዜ እንደሚታይ አስረዳችኝ። ከዚያ ወደ መሠረት ዞራ ጣፋጭ ነገር ትጠጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጄ መሬት መሬት አየች። ጠርሙሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በየቀኑ ሁለት ብርጭቆ፣ በእኔ እጅ፣ ሦስት ዓመት አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ፍርሃቴ እውነት እንዳለው ነገረችኝ፤ ኩላሊት ሲደክም መርፌው ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የማታውን መርፌ መጠን ራሷ ቀነሰችላት። ሳይለኩ የሚጠጣው ጁስ ግን ስኳሩን እየሰቀለ ኩላሊቱንም ጉበቱንም ይጎዳል አለች። ጉበቱ እስካሁን አልጠጠረም፣ ጠባሳም አልያዘም፤ ከተጠነቀቅን ስቡ ሊቀንስ ይችላል፣ ከሦስት ወር በኋላ ደሟ እንደገና ይታያል። የእትዬ አልማዝን ቅጠል አነሳሁላት። እሱን ፈጽሞ እንዳትነካ አለች።

ልንነሳ ስንል መሠረት ተናገረች።

"ዶክተር፣ ወርዶብኝ አይደለም የምጠጣው። ካልጠጣሁላት እማ አትተኛም።"

ዶክተሯ እስክሪቢቶዋን አንስታ ጠርሙሱ ላይ በትልቁ ጻፈችበትና መለሰችልኝ።

9፡30፣ ላፍቶ

የመድኃኒት ቤቱ ወረፋና የታክሲው ሰልፍ ቀኑን በሉብን። ታክሲው ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲህ ስታንቀላፋ ስኳሯ ነው ብዬ ቀስቅሼ የማጠጣት ነበርኩ። አሁን ትንፋሿን እያዳመጥኩ ተውኳት፤ ግን ሁለት ጊዜ ነካሁና ስሟን ጠራሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተቆጣችኝ፣ ደስ አለኝ።

አሥር ሰዓት ሲሆን እጄ ልማዱን አልረሳም፤ ብርጭቆ አነሳሁ። መሠረት ከማሽኗ ቀና ብላ ጣቷን ዘረጋችልኝ። ለክፉ ቀን ካስቀመጥኩት ስትሪፕ አንዱን አውጥቼ ለካኋት። 138። ብርጭቆውን ባዶውን መለስኩት።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ ልጄን ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠጣኋት ለእኔ ፍርሃት የሚሆን መድኃኒት ነበር። ፍርሃቱ አሁንም አለ፤ ሦስቱ ወር እስኪደርስም አይለቀኝም። ጠርሙሱን ግን አልጣልኩትም። አልጋዋ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፣ ክዳኑ እንደታሸገ። ዶክተሯ የጻፈችበትን ከመተኛቴ በፊት በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩት፦ "ከ70 በታች ሲሆን ብቻ።"