የወንዙ ደራሲና የባቡሩ ደራሲ

ከናዝሬት የወጣሁት አመሻሹ ላይ፣ ነፋሱ የመንገዱን አቧራ እያነሳ ፊት ላይ በሚበትንበት ሰዓት ነው። ጎረቤታችን ባለጋሪው ኦቦ ገመቹ እስከ ባቡር ጣቢያው አደረሱኝ። ለቀበሌው «ድሬዳዋ ያለች አክስቴ ሞታ ለለቅሶ ልሄድ ነው» ብዬ የይለፍ ወረቀት ስላወጣሁ ጥቁር ለብሼ ነበር። ኦቦ ገመቹ አክስት እንደሌለኝ ያውቃሉ። ሻንጣዬን አውርደው ትንሽ ቆሙና፣ «ለቅሶው ይረዝማል መሰለኝ» አሉኝ።

«እንጃ፣ ኦቦ» አልኳቸው።

«ነጋቲ» ብለው ተሰናበቱኝና ፈረሱን አዞሩ።

ለምን እንደወጣሁ ለመንገር ስለ ሁለት ደራሲዎች ማውራት አለብኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ዘመዶቻቸው አሁንም አገር ቤት ናቸው። እኔና ባለቤቴ ታደሰ አንዱን የወንዙ ደራሲ፣ ሌላውን የባቡሩ ደራሲ እያልን ነበር የምንጠራቸው። የወንዙ ደራሲ ወንዝ ዳር የኖረ የአንድ ቤተሰብን ታሪክ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በአንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። አይቸኩልም። ዝናብ ሊያዘንብ ሲፈልግ ገና ደመናው ሲሰበሰብ ጀምሮ ያስጠብቃችኋል፤ በመጨረሻ ግን የተበደለው ይካሳል፣ የጠፋውም ይመለሳል። የባቡሩ ደራሲ ከአዋሽ ወዲያና ወዲህ ባሉት የባቡር ከተሞች ስለሚኖሩ ሰዎች አጫጭር ታሪኮች ይጽፋል። ትኬት ቆራጭ፣ ሻይ ቤት የከፈተች መበለት፣ ዝውውሩን የሚጠብቅ ጸሐፊ። ታሪኩ ሰዎቹ ገና መንገድ ላይ እያሉ ያልቃል።

እኔ የወንዙን፣ ታደሰ የባቡሩን እንወዳለን። እሱ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ያስተምራል፣ እኔ አንደኛ ደረጃ። የተዋወቅነውም የመምህራን ሽርሽር ሶደሬ ሄደን፣ ሌላው ሰው ሲዋኝ እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን በእነዚህ ሰዎች ስንከራከር ነው። ተጋብተንም አልተውነውም።

«ይኼ ሰውዬ እኮ መጨረሻ አያውቅም» እለዋለሁ። «ሴትዮዋን ጣቢያ ወንበር ላይ አስቀምጧት ሄደ። ባሏ መጣ አልመጣ፣ ምን ነበረበት ቢነግረን?»

«እሱም አያውቅማ» ይለኛል እየሳቀ።

ታደሰ አንድ ቀን ከባቡሩ ደራሲ ታሪኮች አንዱን ለክፍሉ አነበበ። በየስብሰባው ከማጨብጨብ ብዛት እጁ አብጦ እስክሪብቶ መያዝ ያቃተው ጸሐፊ ታሪክ ነው። ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቀበሌ ደረሰ። መጽሐፉ ከሱቅ ተለቀመ፣ ታደሰም በመምህራን ስብሰባ ላይ ራሱን እንዲሂስ ተጠራ።

ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ ከጣጣው ሊያወጣው የፈለገ ይመስለኛል። ጥያቄውን አቀለለለት። «ጓድ ታደሰ፣ ሁለቱን ደራሲዎች አስተምረሃል። አንደኛው የሕዝብ ልጅ ነው። ሌላኛው አድኃሪ መሆኑ ተረጋግጧል። አንተ የትኛውን ትመርጣለህ?»

እኔ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጫለሁ። በልቤ «የእኔን በል፣ የእኔን በል» እያልኩ ለመንኩት። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲላት የምጨቀጭቀውን አንዲት ቃል ብቻ ነበር እኮ የሚፈልጉት።

ታደሰ ተነሳ። «የመጀመሪያው ትልቅ ደራሲ ነው። ባለቤቴም እሱን ነው የምትወደው» አለ። አንዳንዱ ሰው ሳቅ አለ። «እኔ ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።»

ከዚያው ከአዳራሹ ወሰዱት።

ወራት ሙሉ እስር ቤት ስንቅ አመላለስኩ። ባዶው ሳህን ሲመለስልኝ በላ ማለት ነው፣ አለ ማለት ነው። የባላቸውን ልብስ ተረክበው የሄዱት ሴቶች ግን ስንቅ ይዘው አልተመለሱም። ኋላ የእኔም ስም መነሳት ጀመረ። እህቴ አልማዝ መጥታ፣ «ስንቁን እኔ አመላልሳለሁ። አንቺ ውጪ» አለችኝ። እንቢ ብዬ ነበር። «ሁለታችሁንም መቀለብ አልችልም» አለችኝ፤ ያን ጊዜ እሺ አልኩ።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆሞ ተፈተሽን። ሻንጣዬ ውስጥ የወንዙ ደራሲ መጽሐፍ ነበር፤ የባቡሩን መያዝ እስር ነው። ወታደሩ አገላበጠውና ፊቱ በራ። «ይህን እኔም አንብቤዋለሁ፣ እህቴ። መጨረሻው ደስ ይላል።» በክብር መለሰልኝ። በአንድ ስብሰባ ባሌ አልመርጠውም ብሎ የተወሰደበትና በአንድ ፍተሻ እኔን ያሳለፈኝ ይኸው የምወደው መጽሐፍ ነው። እስከ ድሬዳዋ አልገለጥኩትም።

ከድሬዳዋ ወዲያ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር በእግር ነው የተጓዝነው። ጥሙን አልነግራችሁም፤ የቀመሰው ያውቀዋል፣ ያልቀመሰው አይቅመሰው።

ጅቡቲ ናዝሬትን «ሙቀት አለባት» ያልኩበትን አፌን አስረገመኝ። የናዝሬት ሙቀት ሲመሽ ያፍራል፣ ነፋስ ይልካል። የዚህ አገር ነፋስ ካምሲን ይባላል፣ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ወላፈን ነው። ጠዋት የሚበላው ባጌት የሚባል ረጅም ዳቦ ነው፤ ፓፓያ ባየሁ ቁጥር ናዝሬት አጠገብ ካለው ከመልካሳ የመጣ መስሎኝ እጠጋለሁ። ያከራዩኝ ሽማግሌ ድሬዳዋ ያደጉ፣ አማርኛ አቀላጥፈው የሚናገሩ ናቸው።

«ውሃ አለው ቤቱ?» አልኳቸው።

«አለው። ፈልቶ ነው የሚመጣው፣ ሻይ ለማፍላት አትደክሚም።»

«ቀዝቃዛስ?»

«ቀዝቃዛ የምትፈልጊ ከሆነ ምን አስወጣሽ ከአገርሽ?»

ሲመሽ ሰው ሁሉ ጣራ ላይ ይተኛል። ቀን በፈረንጅ ማዳሞች ቤት ልብስ እተኩሳለሁ፣ ማታ ጣራው ላይ፣ ከመንገዱ በሚመጣው መብራት የወንዙን መጽሐፍ ለማንበብ እሞክራለሁ። ጠፍቶ የነበረው ልጅ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ገጽ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። ድሮ እዚያ ጋ ነበር በደስታ የማለቅሰው። አሁን ተናደድኩ፤ ማን ነግሮት ነው እንዲህ እርግጠኛ የሆነ? በሐሳቤ የመጣችው የባቡሩ ደራሲ ጣቢያ ወንበር ላይ ያስቀመጣት ያቺ ሴት ናት። መጽሐፏ በእጄ የለም፣ ግን ታደሰ ደጋግሞ አንብቦልኝ ስለነበር እያንዳንዱን አረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። ጥሏት ሄደ ብዬ የምከሰው ደራሲ ለካ ከጎኗ አልተነሳም። ሌላ ቢቀር አልዋሻትም።

በስደተኞች ጽሕፈት ቤት የጠየቀኝ ሰው ፈረንጅ ነው። አስተርጓሚው ዮናስ የሚባል የእኛው ልጅ ነው።

«ባልሽ የየትኛው ድርጅት አባል ነው?»

«የምንም። አስተማሪ ነው።»

«ታዲያ ለምን ታሰረ?»

«አንዱን ደራሲ ከሌላው አስበልጦ።»

ዮናስ ተረጎመ። ፈረንጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠና ረዘም አድርጎ ተናገረ።

«ደራሲዎቹ የታጠቀ ኃይል አላቸው ወይ ይላል።»

«አንደኛው ሪህ አለበት» አልኩ።

«ይህን አልተረጉምም» አለ ዮናስ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺስ የየትኛው ደጋፊ ነሽ ይላል። እህቴ፣ የታገደውን በይ። ሌላኛውን ካልሽ ከመንግሥት ጋር ነሽ ብሎ ፋይሉን ይዘጋዋል።»

አዳራሹ ትዝ አለኝ። ታደሰ እነሱ የፈለጉትን መልስ ብሎ መዳን ሲችል የራሱን አለ። እኔ አሁን የእኔም የሆነውን የእሱን መልስ ብዬ ወረቀት ላገኝ ነው። «የባቡሩን» አልኩ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ፈረንጁ ውሃ ሰጠኝ፣ ዮናስም የፈራሁ መስሎት «በቃ፣ አለቀ» አለኝ። ለማንም መንገር አልቻልኩም። ያን ሁሉ ዓመት የተከራከረኝ ሰው አሸንፏል፣ ግን አልሰማም።

የስደተኛ ካርዱን ባገኘሁ በሳምንቱ ፖስታ ቤት ሄጄ ናዝሬት ደወልኩ። ስልክ ስለሚጠለፍ ከአልማዝ ጋር ታደሰን በሽተኛው፣ እስር ቤቱን ሆስፒታሉ ብለን ነው የምናወራው።

«በሽተኛው እንዴት ነው?» አልኳት።

መልሷን ሳልጠብቅ ቀጠልኩ።

«አልማዝ፣ ምግብ ስትወስጂለት አንድ ነገር ንገሪልኝ። ተሸንፌያለሁ ብላለች በይው። ይገባዋል።»

«ሆስፒታሉ» ብላ ጀመረች። «ሆስፒታሉ ከእንግዲህ ምግብ አታምጡ አለን። ልብሱን ሰጡን።»

መስመሩ ውስጥ የሌላ ሰው ወሬ በሩቁ ይሰማል።

«ወደ ሌላ ሆስፒታል ወስደውት ይሆናል ይላል ሰዉ» አለች።

«ይሆናል» አልኩ።

«አንቺ ጋስ? ይሞቃል አሉ።»

«ይሞቃል» አልኳት።