ከኩዌት የማይደርስ ይግባኝ

ኩዌት ሥራ በገባሁበት ቀን አለቃዬ፣ ግብፃዊው ጠበቃ፣ ፋይል አቀብሎኝ «አንብብ» አለኝ። ሁላችንም ኡስታዝ ነበር የምንለው፤ እዚያ ጠበቃ የሚጠራው እንዲህ ነው። የክሱን ታሪክ ስጀምር ፋይሉን በመዳፉ ከደነው። «መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ስም አንብብ። የት እንደተፈረደ ሳታውቅ ማን እንደበደለ አትጠይቅ።» በሆዴ፣ ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው አልኩ። ደረቅም ነበር። ዛሬ ግን ያ ቢሮ፣ የሻዩ ሽታ፣ ቁጣው ሳይቀር ይናፍቀኛል።

ሥራዬ ለሀገሬ ልጆች ማስተርጎም ነበር። «አንተ አፍ ነህ እንጂ ጠበቃ አይደለህም» ይለኛል። እሺ እላለሁ። ወዲያው ደንበኛዋ ዘወር ብላ «ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ትለኛለች። ጋሼ ተብሎ ዝም የሚል አበሻ ካለ እስቲ አሳዩኝ!

ኮሮና መጥቶ ቢሮው ሲዘጋ ሪቃይ ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ በስልክ ማስተርጎም ጀመርኩ። አንድ ቀን ውድነሽ ደወለች። ቁርጡባ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የድሮ ደንበኛችን ናት። የቀድሞ አሠሪዋ በሌብነት ከስሳት ተፈርዶባት ነበር፤ ነፃ ያወጣት የኩዌት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ነው።

አሁን የምታለቅሰው ለልጇ ለማርታ ነበር። ማርታ ሀገር ቤት የምታድገው ከአክስቷ ከአበበች ጋር ነው። አባትየው ወረዳ ፍርድ ቤት ከሶ አስፈረደ፤ ልጅቷን ይዞ ወደ ሌላ ክልል ሊሄድ ነው። ኤርፖርቱ ዝግ ነው፣ እናት በምን ትድረስ?

«ጋሼ፣ ያኔ የፈረደልኝ ፍርድ ቤት አሁንም ይፍረድልኝ» አለችኝ።

ኡስታዝን መስመር ውስጥ አስገብቼ አስተረጎምኩለት። ይቆጣል ስል ለስለስ አለ። «ይህ ፍርድ ቤት የሚያርመው ከሥሩ ያሉትን ነው። የእሷ ወረዳ ከሥሩ አይደለም፤ ንገራት።»

«እንዴ! ትልቅ አይደለም እንዴ?» አለች ውድነሽ።

«ትልቅነቱ ለኩዌት ነው፣ እህቴ። ያንቺን የሚያየው የዞናችሁ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሌላ ዞን እንኳ አያየውም።» አልኳት።

ደግነቱ አበበች ውክልና ነበራት። ዞን ከተማ ሄዳ ይግባኙን ከእግድ ጥያቄ ጋር አስገባች። እግዱ ሳይወጣ ግን አባትየው ማርታን ይዞ መናኸሪያ ገባ። አበበች እየሮጠች ተከተለችውና ለእህቷ ደወለች፤ ውድነሽም እኔን መስመር ውስጥ አስገባችኝ።

«ጋሼ፣ ሊሳፈር ነው! ምን ልበል?» አለች ውድነሽ።

ምን ልበላት? እግዱ በእጃችን የለም።

እሷ ግን አልጠበቀችኝም። አበበች ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ዘረጋችላት፤ ውድነሽ ከቁርጡባ ወጥ ቤት ሆና ጮኸች። «በሕግ አምላክ! ልጄን ይዘህ አንዲት እግር እንዳትራመድ! በሕግ አምላክ!» አሠሪዋ ማዳም ደንግጣ «ሽኖ ሳር?» ስትል ይሰማኛል። ምን ሆነ ማለቷ ነው።

ከመናኸሪያው የአንድ አዛውንት ድምፅ መጣ። «አንተ ሰውዬ፣ በሕግ አምላክ ተብለሃል። ቁም!»

«ኧረ የተፈረደልኝ ነኝ፣ አባቴ!» አለ አባትየው።

«ይሁን። ዳኛ እስኪያይህ ትቆማለህ።»

ቆመ። እግዱ እስኪወጣ ማርታ እኚያው ሽማግሌ ቤት ተቀመጠች። በኋላም ይግባኝ ሰሚው ከአክስቷ ጋር እንድትኖር ወሰነ።

ለኡስታዝ ስነግረው ከልማዱ አልወጣም። «መናኸሪያ ላይ ያስቆመው የትኛው ፍርድ ቤት ነው?»

«ፍርድ ቤት አይደለም። እናቷ ናት» አልኩት።

«እሷን የሚሽር ይግባኝ የለም» አለኝ።

እናንተ አዲስ አስተርጓሚዎች፣ ፋይል ስትከፍቱ መጀመሪያ የፍርድ ቤቱን ስም አንብቡ። ደንበኛዋ ስትጮህ ደግሞ አታቋርጧት።