ሙሽራው ከፈረስ የወደቀበት ቪዲዮ

ያላጠፋሁትን የሰው ሰርግ አጠፋህ ተብዬ፣ ጉቦም በላህ ተብዬ፣ ከሥራዬ ተባርሬአለሁ። ያባረረኝ አሠሪዬ ምንይችል ነው። ቪዲዮውን የሰረዘው ራሱ ነበር። ድሮ አቶ እለው ነበር፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ግን አልለውም። ይህን አስቀድሜ ተናግሬ ወደ ሥራው ልግባ።

ፎቶ ቤቱ እንጅባራ ውስጥ፣ ከሚኒባስ መነኻሪያው ጀርባ ነው። ፎቶ ያነሳል፣ ሰርግ ይቀርጻል፣ ስልክ ላይ መዝሙርና ዘፈን ይጭናል። እኔ የገባሁት በዘበኝነት ነው። ከዚያ በፊት መነኻሪያው ላይ የድንች ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቀን ምንይችል ጥግ ላይ ያለውን ጄኔሬተር አሳየኝ።

«መብራት ሲጠፋ ይቺን ገመድ ትስባለህ፤ ሲመጣ ታጠፋታለህ። ኮምፒውተር እንዳትነካ።»

«እሱ ቢነካኝስ?» አልኩት።

አልሳቀም። ወዲያው መብራት ጠፋ። ገመዱን በጆንያ ተሸካሚ ጉልበት ስስበው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ፤ እኔም ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶ ሊነሱ የመጡት ሁሉ ሳቁ። ፎቶ አንሺው፣ እንዲህ የሳቀ ሰው ፊቴ ቆሞ አያውቅም ብሎ እየሮጠ አነሳቸው። ያ ፎቶ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ያደግሁት በአውንጊ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ገበያ ላይ፣ ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት ነው። ማንበብ ስጀምር ኮምፒውተሩን መንካት ተፈቀደልኝ። ከዘበኝነት ወደ ዘፈን ጫኝነት ከፍ አልኩ። ከዚያ ወደ ካሜራ፣ ከዚያ ወደ ቪዲዮ ቆራጭነት። የቀረጽኩትን ኮምፒውተር ላይ አወርዳለሁ፣ የማይረባውን ቆርጬ እጥላለሁ፣ ዘፈን እገጥምበታለሁ።

ዘፈን ጫኝ ሳለሁ፣ በገበያ ቀን የስልኩን ሚሞሪ በመሐረብ ቋጥሮ የሚመጣ አንድ ገበሬ ነበር።

«ሙላልኝ» ይላል።

«ምን ልሙላልህ?»

«እስኪከብድ ድረስ።»

«ይሄ ነገር ቢሞላም አይከብድም።»

«እንግዲያ ምኑን ሞላኸው?» ብሎ ተቆጣኝ።

ወደ ሰርጉ ልምጣ። ሙሽራው ጌትነት የዳንግላ ልጅ ነው። ሙሽራዋ የአዘናዋ የእትዬ ጥሩሰው ልጅ ናት። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ጌትነት በፈረስ ታጅቦ መጣ፤ ፈረሱ አምሮበታል፣ እሱም አምሮበታል። ከአማቶቹ በር ሲደርስ ፈረሱ ሁለት እግሩን አነሳና ሙሽራውን ከነካባው ጭቃው ላይ ዘረገፈው። ሴቶቹ ፈረሱ የጨፈረ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። ጌትነት ከጭቃው ውስጥ እጁን እያወዛወዘ ተነሳ። እንዲህ ያለ ነገር ለካሜራ የሚገጥመው በዕድሜ አንዴ ነው።

የሙሽራው ዘመዶች «እሷን ነገር ቆርጠህ ጣላት» አሉኝ። እትዬ ጥሩሰው ደግሞ ጣታቸውን አፍንጫዬ ላይ ቀስረው «ቆርጠሃት ብታገኝ፣ እኔና አንተ አንተዋወቅም» አሉ። የደገሱት እሳቸው ናቸው፤ አልቆረጥኳትም።

ቪዲዮው ተሠርቶ ሲያልቅ ግን መንገድ ተዘጋ። ሚኒባስ ወደ ዳንግላም ወደ አዘናም አይሄድም። ፍላሽ የሚያደርስ ሰው የለም። ፋይሉ ደግሞ ግዙፍ ነው፤ በስልክ መልእክት አይላክም። ያን ጊዜ ነው ቶረንት በሚሉት መንገድ የላክሁት። የሚቀበሉት ሦስት ናቸው፤ ዳንግላ ጌትነት፣ ባሕር ዳር የሙሽራዋ ወንድም፣ አዘና ላይ ደግሞ ለእትዬ ጥሩሰው እንድታሳይ ወርቄ የምትባል የፎቶ ቤት ባለቤት።

ወርቄ ስልክ ደወለች።

«አያ ቸኮል፣ ይሄ ነገር ከማን ነው የሚመጣልኝ?»

«ከኔ። ከጌትነትም። ከልጅቷ ወንድምም።»

«ጌትነትማ እሱም ገና እየተቀበለ ነው አላሉኝም?»

«የተቀበለውን ያህል ላንቺ ይሰጣል። አንቺም ትሰጪዋለሽ።»

«እኔ ምን አለኝና ነው የምሰጠው! ሊያስቁኝ ነው?»

እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። የጎልማሶች ትምህርት ስንማር ክፍሉ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነበር። ሁላችንም መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ብንሰለፍ ዓመት አይበቃንም። መምህሩ የመጽሐፉን ስፌት ፈታና ለያንዳንዳችን አንዳንድ ቅጠል አደለን። የራስህን ቅጠል ትገለብጣለህ፤ ከዚያ ጎንህ ካለው ጋር ትለዋወጣለህ፤ እሱም ከወዲያኛው ጋር። ማንም ሙሉ መጽሐፍ ሳይኖረው ሁሉም ሰጪ ነው፣ ሁሉም ተቀባይ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ሙሉ መጽሐፍ አለው። ቶረንት ይኸው ነው። ፋይሉ በትንንሽ ቁራጭ ይከፈላል፤ ሰዎቹ ቁራጭ በቁራጭ ይለዋወጣሉ። ፕሮግራሙም ሰው እጅ እምብዛም የሌለውን ቁራጭ ያስቀድማል፤ ስለዚህ አንዱ የያዘውና ሌላው የያዘው አንድ ዓይነት አይደለም።

«ተሳስቶ የገለበጠ ሰው ካለስ?» አለችኝ። ደህና ጥያቄ ነው።

መምህራችን በየቅጠሉ ግርጌ የፊደሉን ብዛት ጽፎ ነበር። ገልብጠህ ቆጥረህ ካልገጠመ ትጥለዋለህ። አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ጠላ ሻጭ ሁልጊዜ አንድ ፊደል ይጎድላት ነበር፤ «አንዲት ፊደል ማን ያያታል!» እያለች ታጉረመርማለች። ኮምፒውተሩም ለየቁራጩ እንዲህ ያለ መመርመሪያ አለው፤ ያልገጠመውን ጥሎ እንደገና ይጠይቃል። እነዚህ መመርመሪያዎች የተጻፉት አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። አስቀድማ ለሁሉም የምትላከው እሷ ናት። ስሟ የቪዲዮው ስም ነው፤ ውስጧ ግን ቪዲዮ የለም። ስለ ቁራጮቹ ብቻ ነው የምትናገረው።

ጣጣው የመጣው ከዚህች ትንሽ ፋይል ነው።

አንድ ቀን ለቀብር በእግሬ ወደ አገር ቤት ሄድኩ። ምንይችል ሌላ ሰርግ ቀርጾ መጣና ኮምፒውተሩ «ቦታ የለኝም» አለው። ቢያይ በአንድ ስም ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ የቪዲዮው ግዙፍ ፎልደር፣ አንዱ ሚጢጢ ፋይል። «ቸኮል አጥብቦ አስቀምጦታል፤ ትልቁ ትርፍ ነው» ብሎ ትልቁን ሰረዘ። የተሰረዘ የሚጠራቀምበትን የኮምፒውተሩን ቅርጫትም ባዶ አደረገ። አዲሱን ሰርግ በቦታው ላይ ገለበጠበት። የካሜራው ሚሞሪ እንደ ደንባችን ቀድሞ ተጠርጎ ለሌላ ቀረጻ ውሏል። ወደ ሦስቱ ሰዎች መሄድ የጀመረው ገና አላለቀም ነበር።

መንገድ ሲከፈት እትዬ ጥሩሰው ራሳቸው መጡ። ምንይችል ሚጢጢዋን ፋይል ከፈተላቸው፤ የሚታይ ነገር የለም። እኔ ነገሩ ሲገባኝ «ዋናውን አጥፍተኸዋል» አልኩት።

«እኔ ያጠፋሁት ቅጂውን ነው! ዋናውን አስቀርቻለሁ። ያስቀረሁት ባዶ የሆነው አንተ ውስጡን ስላወጣኸው ነው።»

«ቪዲዮ ከረጢት ነው እንዴ ውስጡ የሚወጣው?»

እትዬ ጥሩሰው መሐል ገቡ። «ስንት ሰጡህ?» አሉኝ።

«ማን?»

«የሙሽራው ወገኖች ናቸዋ! መውደቁ እንዳይታይ ነው። ለፈረሱስ ምን ሰጡት፣ እንዳያወራ?»

ምንይችል ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ምክንያት አገኘ። እዚያው ቁልፉን ተቀብሎኝ አስወጣኝ።

ወደ መነኻሪያው ተመለስኩ። ወሬው ግን ቀድሞኝ ደርሷል። የባጃጅ ሾፌሮች «ሰርግ በላ» የሚል ስም አወጡልኝ። ጆንያ ላነሳ ስጠጋ «ተው፣ ድንቹንም ይበላዋል» ይላሉ። ሌላ ፎቶ ቤት ሥራ ብጠይቅ ሰውየው ሳቀብኝ። የሰው ትዝታ የሚሸጥ ሰው ተብዬ እንጅባራ ውስጥ ካሜራ የሚያስጨብጠኝ አልተገኘም። ያ ቪዲዮ ካልተገኘ ሙያዬ አለቀለት ማለት ነው።

ጆንያ ተሸክሜ ሳለሁ አሳብ መጣልኝ። ጆንያውን አውርጄ ለወርቄ ደወልኩ።

«የደረሰሽን አጥፍተሽዋል?»

«ኧረ አላጠፋሁም። ግን ቆሟል። ዳታዬን እንዳይጨርስብኝ ፕሮግራሙን ዘግቼዋለሁ።»

ቀጥሎ ለጌትነት ደወልኩ። ስሜን ስነግረው ሳቀ።

«ብሬን የበሉት እርስዎ ነዎት? ስንት ነበር የሰጠሁዎት? ለሚስቴ የምነግራት ነገር አጣሁ እኮ!»

«ቪዲዮው አንተ ጋ እስከ ምን ደርሷል?»

«ተዉኝ አያ ቸኮል። ፈረሱ እግሩን ሲያነሳ አያለሁ፤ ከዚያ ይቆራረጥና ጭቃ ውስጥ ሆኜ ነው የሚያሳየኝ። አወዳደቄን ከኔ በቀር አገሩ ሁሉ አይቶታል!»

የባሕር ዳሩ ወንድምም ጋ እንዲሁ ጎዶሎ ነው። ነገሩ ገባኝ። ሦስቱም ከኔ የተለያየ ቁራጭ ወስደዋል፤ ግን ኔትወርክ የሚያገኙት በየተራ ነው፣ ሲጨንቃቸውም ይዘጉታል። ሦስቱ አንድ ላይ በርተው አያውቁም። አንዱም ጋ ሙሉው የለም፤ ሦስቱ ቢደመሩ ግን ሊኖር ይችላል።

«ኮምፒውተራችሁን ተሸክማችሁ እንጅባራ ኑ» አልኳቸው። እትዬ ጥሩሰው ሲሰሙ፣ «የሚደረገው እዚያው ፎቶ ቤት ነው፤ ያም ሰውዬ ቆሞ ያያል» ብለው ወሰኑ። እሳቸው ከወሰኑ ምንይችል ምን ይላል?

የግንቦት ልደታ ማግሥት ሁሉም መጡ። ወርቄ ላፕቶፗን በጋቢ ጠቅልላ መጣች። ሦስቱን ባንኮኒው ላይ ደረደርኩና ከአንድ ራውተር ጋር አገናኘኋቸው።

«ኢንተርኔት እኮ ዛሬ የለም» አለ ምንይችል።

«ጎን ለጎን ተቀምጠው ለመነጋገር ኢንተርኔት ምን ያደርግላቸዋል?» አልኩት።

ፕሮግራሞቹን ከፈትኩ። ምን ያህሉ እንደደረሰ የሚያሳየው፣ ቆሞ የከረመው መስመር በሦስቱም ላይ መሄድ ጀመረ። እትዬ ጥሩሰው መነጽራቸውን አድርገው «እየበላ ነው? እየበላ ነው?» ይላሉ። እየበላ ነበር። ከዚያ ሙሉ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቀጥ አለ።

ምንይችል ጉሮሮውን ጠረገ። የጎደለው የትም ከሌለ እኔ ሰርግ በላ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ወደ ወንድምየው ዞርኩ። «ከደረሰህ ውስጥ የነካካኸው ነገር አለ?»

«ምንም። አንዱን ፋይል ብቻ ስሙ ረዝሞብኝ ‹እህቴ› ብዬ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩት።»

«ይባርክህ ልበል ወይስ ልምታህ?»

ቪዲዮው በሁለት ፋይል የተሠራ ነው፤ ልጁ ያዛወረውን ፕሮግራሙ እንደጠፋ ቆጥሮታል። ስሙን መለስኩ፣ ቦታው አስገባሁት፣ እንደገና መርምር አልኩት። ቁራጭ በቁራጭ መረመረና ተቀበለው። መስመሩ ተነሳ። ሞላ። በሦስቱም ላይ ሞላ።

ከፈትነው። ፈረሱ እግሩን አነሳ። ጌትነት ተነሳ፣ ተንሳፈፈ፣ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እትዬ ጥሩሰውም እዚያው ፎቶ ቤት ውስጥ አብረዋቸው እልል አሉ። ጌትነት ሆዱን ይዞ «ድገሙት! እጄን አያችሁ? ክንፍ እኮ ነው የሚመስለው!» እያለ ደጋግሞ አስከፈተው። እትዬ ጥሩሰው ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ይቅር በለኝ ቸኮል። ፈረሱንም በሐሰት አምቼዋለሁ» አሉ።

ለምንይችል ትንሿን ፋይል ከትልቁ ጎን አድርጌ መጠናቸውን አሳየሁት። «ታዲያ የሰረዝኩት ዋናውን ነበር?» አለ።

«አዎ። አንተ ነህ።»

«ተሳስቻለሁ። ነገ ሥራህ ላይ ግባ።»

«ነገ አይደለም። መጀመሪያ ውጣና ለባጃጅ ሾፌሮቹ ንገራቸው።»

ወጣ። ተራቸውን ለሚጠብቁት ሾፌሮች ሁሉ፣ «ቸኮል አይደለም ያጠፋው፣ እኔ ነኝ» አለ። ከኋላ ያለው አልሰማሁም ብሎ ድጋሚ አስባለው። እኔም አልሰማሁም አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ተናገረ። ሥራዬ ላይ ገባሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፤ አቶነቱን ግን አልመለስኩለትም።

በዚህ ሙያ ለምትመጡ፤ ትንሿ ፋይል ቪዲዮ አይደለችም። ከመሰረዝ በፊት መጠን ይታያል። ተቀባዮቹ ሞልቶላቸው ሳያበቁ ዋናው አይነካም፤ የሞላለትም ሰው ሌላው እስኪሞላለት ፕሮግራሙን አይዘጋም።

ነገሩ ያለቀው ግንቦት 2 ቀን ነው።