አባቴ ያልተቀመጡበት ወንበር

ይህ የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ ዓመታት አጋማሽ ነው። ሰው ገጠመኙን ሲጽፍ ብዙ ጊዜ የማያውቀው ሰው ስላደረገለት ደግነት ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ጠብ ነው። ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ ነበር፤ ከዚያ ጠቡ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። ለማንም ሳልናገር ብዙ ዓመት ይዤው ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ከብዶኛል።

የሰቆጣ ልጅ ነኝ፤ የማስተምረውም እዚያው ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ። ወንድሜ ኪሮስ ታናሼ ነው። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም እትየ ነው የሚለኝ። በወጣትነቱ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ ገባ። እዚያ የሆስፒታል መሣሪያ የሚጠግን ድርጅት ቀጠረውና በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ በአውሮፕላን መመላለስ ሥራው ሆነ። አገር ቤት መምጣት ግን አይችልም ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀም፤ ከወጣህ አትመለስም ብለውታል።

የአባቴ ዓይን ሲደክም አዲስ አበባ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ ሽማግሌ ነበር፤ አላድበሰበሰም። በሽታው ዓይንን ከዳር እየበላ የሚሄድ ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው አለ። "ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩት" አላቸው።

አባቴ ብዙም አላሰቡ። "ኪሮስን ልየው። ሐመልማልንም" አሉ። ሐመልማል ያኔ ለኪሮስ የተወለደች ልጅ ናት። ስሟን በስልክ ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ የእናታቸው ስም ነው።

ለኪሮስ ደውዬ ነገርሁት። የትኬት ገንዘብ የለኝም፣ ማይል ግን አለኝ አለ። ማይል የሚባል ነገር ያን ቀን ነው የሰማሁት። አየር መንገዱ አዘውትሮ ለሚበር ሰው የበረረውን መንገድ እየቆጠረ ይመዘግብለታል፤ ሲጠራቀም በነጻ ትኬት ይሰጠዋል፤ ትኬቱንም ለፈለገው ሰው ማድረግ ይችላል። ለአባቴ ሳስረዳቸው ሳቁ። "እኔ በእግሬ የሄድሁትን የሚቆጥርልኝ ቢኖር ስንት በሞላልኝ!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ለትምህርት ብለው ከዋግ እስከ ጎጃም በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ወሬ ማይል ሆነ። ኪሮስ በደወለ ቁጥር "ማይሉ ስንት ደረሰ?" ነው ጥያቄው። ጎረቤቱም ለመደው። ከጋዝጊብላ ለገበያ የሚመጡ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ አህያቸውን ደጃፍ አስረው "የመሪጌታ ማይል ሞላ ወይ?" ይሉ ነበር።

በጥምቀት ሰሞን ኪሮስ ደውሎ "ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው" አለ። እልል አልን። አባቴ ነጭ ጋቢ አሠሩ፤ ፓስፖርታቸውን ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አስቀመጡ።

ለፋሲካ ሲደውል ድምፁ ቀዘቀዘብኝ። "ገና ነው እትየ። ሲሶው ነው የሞላ" አለ።

"በጥምቀት ሊሞላ የነበረ በፋሲካ እንዴት ሲሶ ይሆናል? አይጥ በላው?" አልሁት።

"ትንሽ ታገሡኝ" ብሎ ዘጋው።

እኔ ያን ቀን ነው ወንድሜን የጠላሁት። አላጋንንም፤ ጠላሁት። ውሸታም ሆነ አልሁ። ሚስቱ ከልክላው ይሆናል አልሁ። አገሩን የረሳ፣ በአባቱ ዓይን የሚቀልድ አልሁ። ሲደውል ስልኩን ለአባቴ ሰጥቼ ለስልክ ከምንጠራበት ከቴሌ ቢሮው እወጣ ነበር።

ማይሉ ሲሶ፣ እኩሌታ፣ እኩሌታ ከሩብ እያለ አዘገመ። የአባቴ ዓይን ግን አላዘገመም። መጀመሪያ ከድጓው መስመር በላይ ያሉት ደቃቅ ምልክቶች ጠፉባቸው። ቀጥሎ ፊደሉ ራሱ። ተማሪዎቻቸውን በድምፅ መለየት ጀመሩ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ጧት ፀሐይ ላይ ተቀምጠው "ዛሬ ደመና ነው?" አሉኝ። ደመና አልነበረም። ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ነበር።

ከዚያ ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ ኪሮስ ደወለ። "ሞላ እትየ! አንደኛ ማዕረግ ነው! ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ ይሆናል!" አለ። እየጮኸ ነበር። አባቴ ከጎኔ ቆመው ሰሙት። ስልኩን ተቀብለው መረቁት። ስለ ዓይናቸው ምንም አላሉትም። ቤት ስንገባ ግን "እንግዲህ እዚያ ሄጄ ምን ላይ ነው? አንቺ ሂጂ። ደህና አድርገሽ እይና ንገሪኝ" አሉኝ።

አልፈልግም ነበር። ግን የአባት ትእዛዝ ነው። ኪሮስ ትኬቱን በስሜ አዞረው። ቪዛውንም ባልና ልጅ ያላት የመንግሥት መምህር ስለሆንሁ አልከለከሉኝም።

አውሮፓ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ ረጅሙን በረራ ስጀምር ከፊት አስገቡኝ። እውነት ለመናገር ወንበሩ ወንበር አይደለም፤ የሰቆጣ ሆቴል አንድ ክፍል ያክላል። አስተናጋጇ ኮቴን ተቀብላ ሰቀለችው። የእግር ሹራብ ሰጠችኝ። ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ምግብ አመጣች። አልበላሁም። አጠገቤ የተቀመጠው ከረባት ያሰረ ሰውዬ ነጠላዬንና ጫማዬን አየና የያዝሁትን ወረቀት ለማየት አንገቱን አሰገገ። ይህን ቦታ ማን ሰጣት ማለቱ ነው። ፊቴን አዙሬበት ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ዓይን ያለው ሁሉ ያስጠላኝ ነበር።

በእኛ አገር መቀመጫ ቀላል ነገር አይደለም። ድግስ ላይ ማን ከላይ እንደሚቀመጥ፣ ማን ወደ በሩ ዝቅ እንደሚል የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ሠርግ ላይ አሳላፊው ሳያውቅ አባቴን ከበሩ አጠገብ አስቀመጣቸው። ሳይቀምሱ ተነሥተው ወጡ። ከባለ ሠርጉ ጋር ዓመት ተኳርፈው በሽማግሌ ነው የታረቁ። ኪሮስ ያኔ ልጅ ነው፤ እጃቸውን ይዞ አብሯቸው የወጣ እሱ ነው። ወንበሩ ላይ ሆኜ ይህ ትዝ አለኝ።

ከብዙ ሰዓት በኋላ እግሬን ላፍታታ ተነሣሁ። መጋረጃውን ገልጬ ወደ ኋላ አለፍሁ። ኋላ ሰው ጢም ብሏል። ከመካከላቸው አንዲት ባለ ሹሩባ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በጉልበታቸው ላይ በሶ በላስቲክ ይዘው አየሁ። የአገሬን ሰው ሳይ ደስ አለኝና ሰላም አልኋቸው። የራያ ሰው ናቸው። ልጃቸው ዘንድ እየሄዱ ነው።

"ከየት ብቅ አልሽ ጓለይ፣ ልጄ? ሳንሳፈር አላየሁሽም" አሉኝ።

"ከፊት ነኝ። ወንድሜ በማይል ገዝቶልኝ ነው።"

"የኔም ልጅ በማይል ነው ያመጣችኝ!" አሉና ሳቁ። "ከፊት አስቀምጪኝ ብያት ነበር። እማ፣ የፊቱ የአንድ ሰው ማይል ከኋላ ሦስት ሰው ያስኬዳል፤ ከፊት ካልሽ ሌላ ሁለት ዓመት ትጠብቂያለሽ አለችኝ። ተይው አልኋት። ምን ሊያደርግልኝ? የልጄን ዓይን ካየሁ ኮርቻ ላይስ ቢሆን!"

ሦስት ሰው ያስኬዳል። እንግዲያ ያ "ሲሶው ሞላ" የተባለው ፋሲካ ላይ ትኬቱ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ያኔ አባቴ ያያሉ። ያኔ ፊደል ይለያሉ። ኪሮስ ግን በዚያ የድሮ ሠርግ ኩራት ተይዞ፣ ከፊት ላስቀምጥ ብሎ፣ ሁለቱን ዓመት በላው።

እናትየዋ "ምነው ደነገጥሽ?" አሉኝ። ተመልሼ ያ አልጋ የሚሆነው ወንበር ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ሳልተኛ፣ ንግግሬን ሳዘጋጅ አገሩ ደረስን።

ኪሮስ አበባ ይዞ ቆሟል። ፀጉሩ ሸሽቷል፤ ሌላው ያው ነው። አሥራ አራት ዓመት ያላየሁትን ወንድሜን ገና ሳልስመው "ወንበሩ እንዴት ነበር? አልጋ ሆነልሽ?" አለኝ።

"የአባትህን ዓይን ሸጠህ የገዛኸው ወንበር ነው፤ ለምን አይመች!" አልሁት።

ሰው ዞሮ ያየናል። አልተውሁትም። ከኋላ አስቀምጠህ ብታመጣቸው ምን ይጎድልብህ ነበር፣ ለማን ልታሳያቸው ነው፣ አንተ ለሰው ወሬ ስትል አባቴ በጨለማ ቀሩ አልሁት። ባለቤቱ ሕፃኗን ይዛ ወደ ኋላ አለች። ኪሮስ ሻንጣዬን አነሣ። መኪና ውስጥም እኔው ነኝ ስናገር የሄድሁት።

ቤት እንደገባን ጓዳ ገብቶ አንድ ፖስታ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። "አንብቢው እትየ" አለ።

ጽሕፈቱ የኔ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ የጻፍሁት ደብዳቤ ነው። ያኔ አንድ ባልደረባዬ ለሥልጠና ውጭ ደርሶ መጥቶ፣ አውሮፕላን ላይ መጋረጃ አለ፣ ከፊት ትልልቅ ሰዎች ነው የሚቀመጡት፣ ተራው ሰው ከኋላ መጸዳጃው አጠገብ ይታጨቃል ብሎ አውርቶልኝ ነበር። እኔም ያን ዕለት ተቀምጬ ለኪሮስ ጽፌአለሁ። ጽፌም ረስቼዋለሁ።

"አባየ መሪጌታ መሆናቸውን እንዳትረሳ። ያን ሠርግ ታስታውሳለህ። ከኋላ ከተራ ሰው ጋር ታጭቀው ሄዱ ቢባል ሰቆጣ ምን ይለናል? ከፊት ካልሆነ እንዳትልክ። ቢዘገይ ይዘግይ።"

"ቢዘገይ ይዘግይ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። የተማሪ ደብተር እንደማርመው በቀይ እስክሪብቶ።

"ከኋላ ያለውን ይዤላቸው ነበር" አለ ኪሮስ። "ደብዳቤሽ ሲመጣ ሰረዝሁት።"

"ለምን አልነገርኸኝም? ለምን ተሳስተሻል አላልኸኝም?"

"አንቺን ተሳስተሻል ብዬ አላውቅም'ኮ።"

ሦስት ሳምንት ነው እዚያ የቆየሁት። ይቅርታ ልጠይቀው በየቀኑ ተነሥቻለሁ። እኔ ይቅርታ ጠይቄ የማውቅ ሰው አይደለሁም፤ እሱም አልጠበቀኝም። ሐመልማልን ግን ደህና አድርጌ አየኋት።

ስመለስ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሳይጠይቁኝ ስለ ልጅቱ ነገርኋቸው። ግንባሯ የእርሳቸው እንደሆነ፣ ስትቆጣ የታች ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ አማርኛ ስትናገር እንደምትኮላተፍ ሁሉ። አንዷን ነገር ሦስት አራት ጊዜ አስደገሙኝ። ቆይተው "ወንበሩስ?" አሉ።

አልጋ እንደሚሆን ነገርኋቸው።

"ከኋላም ሰው አለ?"

"አለ። አንዲት የራያ እናት ነበሩ።"

"መቀመጫ ነበራቸው?"

"ነበራቸው።"

"በደህና ደረሱ?"

"ደረሱ አባየ። እኩል ነው የደረስነው።"

አባቴ የልባቸውን ሲናገሩ በአገራችን አገውኛ፣ በኸምጣኛ ነው፤ ያን ቀንም በኸምጣኛ ነበር። "ከኋላ ሆኜ ብሄድ ሐመልማልን አያት ነበር። ከኋላ አይቀመጡም ያለው ማነው? ኪሮስ ነው?" አሉኝ።

"እንጃ አባየ" አልሁ።

"እሱ ነው እንጂ። አፍሮብኝ ነው" አሉ። እኔ ሻንጣዬን መፍታት ጀመርሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ኖሩ። ኪሮስ ሲደውል "ደህና ነኝ" ይሉና ስልኩን ለእኔ ይመልሱልኝ ነበር። በፊት እንዲህ አልነበሩም። ኪሮስ ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ወረቀቱ ያለቀለት እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። በመጣ ጊዜ መቃብራቸው ላይ ተደፍቶ "አባየ፣ አዘገየሁብዎ፣ ይቅር በሉኝ" እያለ አለቀሰ። ዘመድ አዝማዱ አብሮት ያለቅሳል። ይቅር በሉኝ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ከኋላው ቆሜ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ያን ቀንም ዝም አልሁ።